ቱቦው እያለ ሽንት በጎን ለምን ይፈስሳል?



በጅቡቲ ከተማ ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከጠዋቱ ክፍል ይቀር ነበር። እኛም ስንፍና መስሎን ተቆጣነው። ኋላ ቤቱ ሄደን ስንጠይቅ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አባቱ ከግንባታ ሥራ ላይ ወድቀው አከርካሪያቸው ከተጎዳ ወዲህ ሽንታቸው የሚወጣው በቱቦ ነው። ቱቦው እያለ ግን ሽንቱ በጎን እየፈሰሰ ፍራሹን ያርሰዋል። ልጁ ጠዋት ጠዋት አንሶላ ሲያጥብ ይረፍድበታል። አባትየውም "ካልጠጣሁ አይፈስም" ብለው በዚህ ሁሉ ሙቀት ውሃ ቀንሰዋል፤ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትም ትተዋል።

ይህን ችግር በዝምታ የያዘው ሰው ብዙ ስለሚሆን፣ ከጤና ባለሙያ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

ቱቦው እንዴት ይሠራል?

ካቴተር የምንለው ለስላሳ ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል ወደ ሽንት ፊኛ ይገባል። ጫፉ አጠገብ ትንሽ ባሉን አለችው፤ ንጹሕ ውሃ ሲሞላባት ቱቦው ተንሸራቶ እንዳይወጣ ትይዘዋለች። ሽንቱ በጫፉ ቀዳዳ ገብቶ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። የሚስበው ሞተር የለም፤ ውሃ ወደ ታች ስለሚሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ከፊኛው ከፍ ካለ ሥራው ይበላሻል።

በጎን የሚፈስሰው በሁለት ዋና ምክንያት ነው።

አንደኛው መንገዱ ሲዘጋ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ፣ ሰውየው ሲተኛበት፣ ከረጢቱ ጢም ብሎ ሲሞላ ሽንቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። የሆድ ድርቀትም እንዲሁ ነው፤ የደረቀው ሰገራ ፊኛውንና ቱቦውን ይጫናል። ከዚህ ሌላ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽንቱን ይለውጡትና በውስጡ የሟሟው ማዕድን ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡ። ቱቦው ቀስ በቀስ ይደፈናል።

ሁለተኛው ፊኛው ራሱ ሲኮማተር ነው። ቱቦውና ባሉኗ ባዕድ ነገር ስለሆኑ ፊኛው ሊያስወጣቸው ይጨመቃል። ያን ጊዜ ቱቦው ክፍት ሆኖም ሽንቱ በዙሪያው ሊወጣ ይችላል። ቁርጠትም ይኖረዋል።

ብዙ ሰው "ቀዳዳው ሰፍቶ ነው፣ ወፍራም ቱቦ ይግባላቸው" ይላል። ይህ ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው። ወፍራም ቱቦና ትልቅ ባሉን ፊኛውን ይበልጥ ያስቆጡታል፤ መውጫውንም ይጎዳሉ። የቱቦ ውፍረት በቁጥር ይለካል፤ ሦስት ቁጥር አንድ ሚሊ ሜትር ነው። 18 ቁጥር ቢባል 6 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ደህና አድርጎ የሚያፈስ ከሆነ ቀጭኑ ይመረጣል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. ከነካን በፊትና በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።
2. ቱቦውን ከመውጫው እስከ ከረጢቱ በእጃችን እየተከተልን እንይ። የታጠፈ ካለ እናቅና።
3. ከረጢቱ ከፊኛው ዝቅ ይበል፣ መሬት ግን አይንካ። ሳይሞላ እናፍስሰው።
4. ቱቦው እንዳይጎተት ጭን ላይ በለስላሳ ነገር ይያዝ።
5. ሐኪም ካልከለከለ ውሃ ይጠጣ። ውሃ ሲቀነስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ መደፈኑም ይብሳል።
6. አካባቢው በየቀኑ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅም፤ ቆዳው እንዳይቆስል።

ቱቦውን መቁረጥ፣ ማሰር ወይም ጎትቶ ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። ባሉኗ እንደተነፋች ከተጎተተ ይደማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቆመ ወደ ጤና ባለሙያ ነው። ባለሙያው የተደፈነውን ይለውጣል፤ ቀጭን ቱቦ ወይም ትንሽ ባሉን ሊመርጥ ይችላል። ለመኮማተሩ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት ግን አፍና ሆድ ያደርቃል፣ ላብም ይቀንሳል፤ በጅቡቲ በጋ ላብ መቀነስ አደገኛ ስለሆነ ለሐኪሙ መንገር ነው። አንቲባዮቲክን በተመለከተ፣ ቱቦ ለረጅም ጊዜ ያለው ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ አይጠፋም። ትኩሳት ወይም ሌላ ምልክት ከሌለ ገዝቶ መዋጥ ባክቴሪያውን ማላመድ ነው። "ቱቦው ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?" ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ሳይውል ሳያድር የሚኬድበት ጊዜ አለ፤ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ የታችኛው ሆድ ሲነፋና ሲያም፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲል፣ የረጋ ደም ሲታይ። አከርካሪው በደረት መካከል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ይዞት ፊቱ ከቀላና ካላበው፣ ቀና አድርገን እናስቀምጠው፣ ቱቦውን እንይ፣ ወዲያው ሐኪም እንጥራ። የደም ግፊቱ ለሕይወት በሚያሰጋ መጠን ሊጨምር ይችላል።

የቱቦ መደፈን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የፊስቱላ ሕክምና ያስተምረናል። በምጥ ብዛት ፊኛቸው የተቀደደ እናቶችን ለማከም ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፍተዋል፤ በኋላ ሐረርን ጨምሮ በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቱቦ ለቀናት ይቆያል። ያ ቱቦ ከተደፈነ ፊኛው ሞልቶ ስፌቱ ሊፈታ ስለሚችል ነርሶቹ ደጋግመው ያዩታል። ከወሊድ በኋላ ያለ ቱቦ ሽንት የሚያመልጣት እህት ካለችም፣ የሚታከም ነገር መሆኑን ንገሯት።

ለቤተሰብ የምታስተረጉሙ ተማሪዎች፣ ካርዱ ብዙ ጊዜ በፈረንሳይኛ ስለሚጻፍ እነዚህን ቃላት ያዙ፦ ቱቦው "ሶንድ"፣ ከረጢቱ "ፖሽ"፣ መፍሰሱ "ፉዊት"፣ የተደፈነ "ቡሼ"፣ ትኩሳት "ፊየቭር"።

የተማሪያችን አባት ቱቦ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ነበር፤ ሆዳቸውም ደርቆ ነበር። ነርስ አይታ ቱቦውን በዚያው ቁጥር ለወጠችው፣ ውሃም እንዲጠጡ አዘዘች። አሁንም አልፎ አልፎ ትንሽ ይፈስሳል፤ ፍራሹ ግን ደርቆ ያድራል። ልጁም ጠዋት ክፍል ይገኛል። እኛም ይቅርታ ጠይቀነዋል። እንግዲህ መምህራን፣ የቀረ ተማሪ ሲኖር ከመቆጣታችን በፊት ቤቱን እንጠይቅ።