ላብ የሚያበጀው ጠጠር

ጂዛን ቀይ ባሕር ዳር ያለች ቆላ ናት። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ከሙቀቱ የሚብሰው ግን የባሕሩ ወበቅ ነው፤ ላብ ገላ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ሰውነት አይቀዘቅዝም፣ ስላልቀዘቀዘም መላቡን አያቆምም። ከከተማዋ ወጥቶ እስከ ሰምጣና አል ጡዋል፣ ሽቅብ ደግሞ እስከ አል ዳየር ተራራ ባለው የየመን ድንበር ዳር ከወሎ፣ ከራያ፣ ከአርሲና ከጅማ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ፍየል ይጠብቃሉ፣ እርሻ ይኮተኩታሉ፣ የሰው ቤት ያገለግላሉ። ብዙዎቹ የመንን አቋርጠው የገቡ ናቸው። በዚያ ድንበር ስለሚተኮስባቸው ጥይት ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ያወጣው ሪፖርት ብዙ አነጋግሯል (ዓመቶቹም ወሮቹም እዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ውኃ ጥሙ ብዙ ሲባል አይሰማም።

ጥም ከሚያመጣቸው ሕመሞች አንዱ የኩላሊት ጠጠር ነው። ሐኪሞች «የጠጠር ቀበቶ» የሚሉት ምድር ከግብፅና ከሱዳን ተነሥቶ በሳውዲ ዐረቢያ፣ በኢራንና በሕንድ በኩል እስከ ፊሊፒንስ ይዘልቃል። ጂዛን እዚያው ውስጥ ነች። ሰው ብዙ ሲያልበው ኩላሊት ውኃ ይቆጥባል፤ ሽንት ይወፍራል፤ በውስጡ የሟሟው ካልሲየምና ኦክሳሌት ተጣብቀው ክሪስታል ይሠራሉ። ለዚህ ዓመታት አያስፈልጉም። በኩዌት አካባቢ በዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተሠርቶ በ2005 የታተመ ጥናት፣ ጠጠር የያዛቸው ሰዎች ሕመሙ የጀመራቸው በረሃ ከገቡ በአማካይ በ93 ቀን እንደሆነ አሳይቷል። በ2014 አምስት የአሜሪካ ከተሞችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ ሙቀቱ ባየለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠጠር አሞኝ ብሎ የሚመጣው ሰው እንደሚበዛ አይተዋል።

አገር ቤት ግን ጥፋቱ የሚጣለው በጤፉ ላይ ነው። አውድማ ላይ የተወቃ፣ በደንብ ያልተነፋ እህል ውስጥ ያለው አሸዋ ኩላሊት ውስጥ ተጠራቅሞ ጠጠር ይሆናል ይባላል። አይሆንም። አሸዋ አንጀትን አልፎ ይወጣል እንጂ ወደ ደም አይገባም፤ ኩላሊትም ጋ አይደርስም። ዘይቱን ሲበላ ጥርስ ላይ የሚንቋቋው ሻካራ ነገርም ጠጠር አይሆንም። የዕፅዋት ሊቃውንት «የድንጋይ ሴል» ይሉታል፤ ግድግዳው በሊግኒን የደደረ ሴል ነው። የኮክን ፍሬ የሚያጠነክረውም እንዲህ ያለው ሴል ነው፤ ከስሙ በቀር ከኩላሊት ጠጠር ጋር ዝምድና የለውም።

እውነተኛው ዝምድና ያለው በሌላ በኩል ነው። ብዙ ዕፅዋት በሴሎቻቸው ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌትን፣ የኩላሊትን ጠጠር የሚሠራውን ያንኑ ነገር፣ በክሪስታል መልክ ያስቀምጣሉ። ጎደሬ ሳይበስል ሲበላ አፍ የሚያሳክከው ከዚህ የተነሣ ነው። የግሪክ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት፣ የአሉማ ዝርያ የሆነ አንድ ተክል ድርቅ ሲመጣ ይህን ክሪስታል አፍርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣበታል፤ ቅጠሉ ቀዳዳውን ዘግቶ ውኃ እየቆጠበም በዚያ ምግቡን ይሠራል። ተክሉ ሲጠማው ጠጠሩን ያሟሟል፤ ሰው ግን ሲጠማው ጠጠር ይሠራል።

ምግብ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። በሪያድ ንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል የሠራው ብሪታንያዊው ዊሊያም ሮበርትሰን፣ በሳውዲ ምግብ ሥጋና ኦክሳሌት በዝቶ ካልሲየም እንደሚያንስ አስተውሏል። ጠጠሩ ካልሲየም ስላለበት ወተት መተው መፍትሔ የሚመስለው ብዙ ነው። ጣሊያናዊው ሎሪስ ቦርጊ በ2002 ያሳተመው ጥናት ግን ተቃራኒውን አገኘ፤ ካልሲየሙን ሳይቀንሱ ጨውና ሥጋ የቀነሱት፣ ካልሲየም ከቀነሱት ይልቅ ጠጠሩ በግማሽ ያህል ያነሰ ተመለሰባቸው። ምክንያቱም ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም እንዲገባ አይለቀውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ውኃ ነው። ይኸው ቦርጊ 199 ሕሙማንን አምስት ዓመት ተከታትሎ በ1996 እንዳሳተመው፣ ብዙ ውኃ ከጠጡት 12 በመቶ ብቻ ሲመለስባቸው ከሌሎቹ 27 በመቶ ተመለሰባቸው። በቀን ሁለት ሊትር ያህል ሽንት እስኪወጣ ጠጡ ማለት ሪያድ ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ቀላል ምክር ነው። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ለዋለበት የፍየል እረኛ ግን ቀላል አይደለም። ሳውዲ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ትከለክላለች፤ ያ ሕግ ተቆጣጣሪ በማይደርስበት ዱር ብዙም አይረዳም። በፋይፋ ተራራ የሚበቅለው፣ በሕግ የተከለከለው ጫት ሌላ ችግር ይጨምራል፤ በ1995 በታተመ ሙከራ ጫት የቃሙ ወንዶች የሽንታቸው ፍሰት ደክሞ ተገኝቷል።

ሕመሙ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ የበለጠውን ሙኒክ ላይ በ1980 በሰው ላይ የተጀመረው የግፊት ሞገድ ሊሰብረው ይችላል። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ሰው ግን ሆስፒታል ሲሄድ ይይዙኛል ብሎ ይፈራል፤ ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ገዝቶ ይውጣል። ውኃ በጠማው ሰውነት ውስጥ ያ መድኃኒት ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል። ሕመሙ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ደግሞ፣ መንገዱን ከዘጋው ጠጠር በስተኋላ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል፣ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።