ችግኙን ማን ያጠጣዋል?

ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋም እንደ ልማዷ እያቃጠለች ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ለእንግዳ ሰው ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። የአገሩ ሰው ግን ምክንያቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ዝናቡ የጣለው በምዕራብ በኩል ባለው በግዳንና በአካባቢው ደጋ ላይ ነው። ከዚያ የወረደው ውኃ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች እየተንደረደረ ሜዳው ላይ ሲደርስ አንዱን ማሳ አጠጥቶ ሌላውን ጠርጎ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶም ወደ አፋር ቆላ ይነጉዳል። በበጋ ወራት ደግሞ የአብዛኞቹ ጎርፍ መውረጃዎች ወለል ደረቅ አሸዋ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ የቤቱ ውኃ የሚመጣው ከቦኖ ወይም ከጉድጓድ፣ በእናት ጀርባና በልጅ ትከሻ ነው።

ከወልድያ ወደ ቆቦና አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሮቢት፣ እንደ መላው የራያ ቆላ ሁሉ፣ የአየር ንብረት መዛባት ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ የምትማር አይደለችም። በቆቦ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እሱም በበልግና በክረምት የተከፈለ ነው። በልጉ ከቀረ በሚያዝያ የሚዘራው፣ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው የአገር ማሽላ ይቀራል። ገበሬው ክረምቱን ጠብቆ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ለመዝራት ይገደዳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ የማያስታውስ አዛውንት የለም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የአንበጣ መንጋ በራያ ቆቦ ለአጨዳ የተቃረበውን ማሽላና ጤፍ አጠፋው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ተከትሎ መጣ።

ይህን ችግር ለመቋቋም ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። ገበሬው ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ወደ ማሳው የማስገባትን ዘዴ ከአያቶቹ ወርሶ ይሠራበታል። በ1990ዎቹ የተጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃን በሞተር እየሳበ ለመስኖ እንዲውል አድርጓል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት በምግብ ለሥራ የተሠማራው ሕዝብ በየተራራው እርከን ሠርቷል። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የመገንባት ስልት አውጥቷል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻም ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ማዘጋጃ ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ትምህርት ቤቱም አካፋና ችግኝ ይዞ ይወጣል።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ከተማ ምክር ቤት የዓመቱን ሥራ ሲገመግም በመጀመሪያ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ የተተከለው ችግኝ ብዛት ነው። ችግኝ ግን የሚተከለው በሐምሌ ቢሆንም የሚሞተው በጥር ነው። በሐምሌ የተሰበሰበው ሕዝብ በጥር በቦታው የለም። በቦታው ያለችው ጀሪካን የያዘችው ሴት ናት።

ሒሳቡን በቀላሉ እንመልከተው። አንዲት እናት በጓሮዋና በደጇ አሥር ችግኝ ተረክባለች እንበል። ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አምስት ሊትር ብቻ ብታጠጣ በሳምንት 50 ሊትር ያስፈልጋታል። ዝናብ በማይኖርባቸው 24 ሳምንታት ውስጥ ይህ 1,200 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ጊዜ መሸከም ማለት ነው። አንዱ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለልብስና ለልጆች ገላ ከሚቀዳው ውኃ በላይ ነው። የቦኖው ወረፋ ሲረዝም፣ ሞተሩ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ከሁለቱ አንዱ መቅረቱ አይቀርም። ልጇንና ችግኙን አወዳድሮ የሚፈርድ ሰው ካለ እናት የምትመርጠውን ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ የሰሜን ወሎ ከተሞች መብራት ተቋርጦባቸው በነበረበት ጊዜ በሞተር የሚሳብ ውኃ ምን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ ሁሉም አይቶታል።

እንግዲህ ችግኙ ሲደርቅ ጥፋቱ የሴትየዋ አይደለም። ጥፋቱ መትከልን እንጂ ማጠጣትን ያላሰበው ዕቅድ ነው።

ይህን ጉዳይ በሚገባ የተረዱት ጎረቤታችን ኬንያ ያሉ ሴቶች ናቸው። ወንጋሪ ማታይ በ1969 ዓ.ም. በኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ሥር የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትመሠርት፣ የገጠር ሴቶች የሚነግሯት የማገዶና የውኃ መራቅን ነበር። ሴቶቹ ችግኝ አፍልተው ሲተክሉ አነስተኛ ክፍያ ይሰጣቸው ነበር። ክፍያው የሚታሰበው ግን በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ነበር። ንቅናቄው በዚህ መንገድ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ አበቀለ፤ መሥራቿም በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመች። ቁም ነገሩ ከገንዘቡ ይልቅ በአቆጣጠሩ ላይ ነው። የጸደቀው ከተቆጠረ፣ የሚያጸድቀውም ሰው ይቆጠራል።

በአገራችንም መትከል ብቻውን መንገድ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በወላይታ ሁምቦ ተራራውን ከከብትና ከምሳር በመከለል፣ ከመሬት ሥር የቀረው የአገር ዛፍ ጉቶ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ ደን ሆኗል። ጉቶ ውኃ አጠጡኝ አይልም፤ ሥሩ ከወዲሁ ጠልቋል። በራያ ቆላ ዳገቶች ላይም ግራርና ቁርቁራ ከለላ ቢያገኙ የእናቶችን ሸክም ሳይጨምሩ መልሰው ያድጋሉ።

ሁለተኛው ሊረሳ የማይገባው ነገር ምድጃው ነው። በአንድ በኩል ችግኝ እየተከሉ በሌላ በኩል በሦስት ጉልቻ ላይ እንጨት መማገድ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውለውን እንጨት ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ጥቅሙም የዛፍ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ገደማ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም ላይ በዓመት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞት ገምቷል። ጭሱን ከሁሉ በላይ የምትስበው በምጣዱ ዙሪያ የምትውለው ሴትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

ስለዚህ የሮቢትም ሆነ የሌላ ከተማ ምክር ቤት በአየር ንብረት ረገድ ያስገኘውን ውጤት ሲያቀርብ የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች ቢመልስ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ ባለፈው ክረምት ከተተከለው ውስጥ ዘንድሮ በሕይወት ያለው ስንት ነው? ሁለተኛ፣ አንዲት ሴት ውኃ ለመቅዳት የምትፈጀው ጊዜ ካለፈው ዓመት አጠረ ወይስ ረዘመ? ሦስተኛ፣ በከተማው ስንት ቤት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አገኘ? አራተኛ፣ ስለ ቦኖው፣ ስለ ጎርፍ ጠለፋውና ስለ ችግኝ ጣቢያው በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ባል ለሌላት እናት ከባድ ነው። የጎርፍ ጠለፋ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ያላዋጣ ደግሞ ውኃ ለማግኘት ይቸገራል። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል ለማሳረስ ይገደዳሉ።

ምክር ቤቱ የድርሻውን ሲወጣ ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለው። ልብስና ዕቃ የታጠበበትን ውኃ፣ ሳሙናው ያልበዛበት ከሆነ፣ ለችግኝ ማዋል ይቻላል። በችግኙ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ ቦታ አበጅቶ በማሽላ አገዳ ወይም በደረቅ ሣር መሸፈን እርጥበቱን ያቆያል። ፍየል እንዳይበላውም በእሾህ ማጠር ይገባል። ከብዙ ችግኝ ተረክቦ ሁሉንም ከማድረቅ፣ ለቆላ የሚስማሙትን ኒምን፣ ሽፈራውንና ቁርቁራን የመሳሰሉትን ሦስት ወይም አራት ተክሎ ማጽደቅ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን ጀሪካን የሴት ልጅ ዕቃ ነው የሚለው አስተሳሰብ መቅረት አለበት። ችግኙን በሰልፍ ወጥቶ የተከለው አባት፣ ማታ ተመልሶ ማጠጣቱ ክብሩን አይቀንሰውም። ወንዱ ልጅም ከእኅቱ ጋር ተራ ቢገባ ሁለቱም በጊዜ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ።

በ2020 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። በዚያን ጊዜ ብዙ አኃዝ ይነገራል። ከአኃዙ መካከል በጥር ፀሐይ የቆመች አንዲት ጥላዋን የምትጥል ቁርቁራና ከሥሯ ጀሪካኗን አውርዳ የምታርፍ እናት ብትኖር የአገራችን ሪፖርት ሙሉ ይሆናል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉን ለማግኘት ግን ዛፉ መጽደቅ አለበት፤ ዛፉ እንዲጸድቅም የምታጠጣውን ሴት ሸክም ማቅለል ይቀድማል።