እውነት ወይስ ተረት? ባትሪ ስለሌለው ሰዓት የሚወራው

አባቴ አንበሳሜ ላይ ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ አክስቴ ከጅዳ ያመጣችለት ሴኮ ፋይቭ ሰዓት ነው። የሳምንቱን ቀን በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ያወጣል፤ አባቴ ግን ከአጠገቡ ያለውን የቀን ቁጥር ብቻ ነበር የሚያየው። ባለፈው ለበዓል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ባሕር ዳር የሚማረው የእህቴ ልጅ እጄን አይቶ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት» አለኝ። እሱ ያሰረው ስልኩን ተከትሎ የሚሠራ ስማርት ሰዓት ነው። የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ ደግሞ ተቆጥተው «ተወው ልጄ! የድሮ ሰዓት አንዲት ሰኮንድ አይስትም» ብለው ተከላከሉልኝ።

ሁለቱንም ስለምወዳቸው ያኔ ዝም አልኩ። ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። በእነዚህ ሰዓቶች ዙሪያ ጠላትም ወዳጅም የሚያወራው ተረት በዝቷል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ይበልጡን የወዳጆቹ ነው። ሰውን በሌለው ጠባይ ያወደሰ ያለውን ጠባይ እንዳይታይ ያደርጋልና።

ከሽማግሌው ልጀምር። «አንዲት ሰኮንድ አይስትም» የሚለው ተረት ነው። ባትሪ የሌለው ሰዓት ጉልበቱን የሚያገኘው ከአንዲት የተጠቀለለች ቀጭን ብረት ነው፤ መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወርሰው «ሞላ» የሚሏት ናት። ሰዓቱን «ሞላሁት» ስንል ደግሞ ቃሉ የራሳችን ግስ ነው። ሁለቱ ቃላት ከሁለት አገር መጥተው በአንዲት ጥቅልል ላይ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሞላዋ ስትፈታ ጥርሶቹን ትገፋለች፤ ጥርሶቹ እንዳይሮጡ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት ትንሽ ጎማ ታግዳቸዋለች። በብዙ የሴኮ ፋይቭ ሰዓቶች ውስጥ በኖረው ሞተር ይህች ጎማ በሰኮንድ 6 ጊዜ፣ በቀን 518,400 ጊዜ ትመታለች። ባትሪ ባለው ሰዓት ውስጥ ያለው የኳርትዝ ድንጋይ ግን በሰኮንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ለዚያ የሴኮ ፋይቭ ሞተር የሚሰጠው ወሰን በቀን 20 ሰኮንድ እስከ መዘግየት፣ 40 ሰኮንድ እስከ መፍጠን ነው። ተራ የባትሪ ሰዓት ግን በወር 15 ሰኮንድ ገደማ ቢስት ነው። ከመናኸሪያ በር በርካሽ የተገዛ ካስዮ በዚህ ውድድር የንጉሥን ሰዓት ይቀድማል። አባቴ የማታውን የ2 ሰዓት ዜና እየጠበቀ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ለጌጥ አልነበረም።

በሌላ በኩል እንደ እህቴ ልጅ «ለሙዚየም» ማለትም ግፍ ነው። በቀን 20 ሰኮንድ መሳት ማለት ከ86,400 ሰኮንድ ውስጥ 20 ማለት ነው፤ ያውም ከደቂቅ ብረትና ከጠብታ ዘይት ብቻ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የገባበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰኮንድ የተያዘው በሞላ በሚሠሩ የእጅ ሰዓቶች ዘመን ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰኮንድ ሲደግመው የውድድሩ ሰዓት ያዥ የአባቴን ሰዓት የሠራው ሴኮ ነበር። ኩባንያው ለዚያ ኦሊምፒክ ከሞላ ሰዓቶቹ ጎን ኳርትዝንም ይዞ ቀረበ፤ በአምስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ 1969፣ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። በትክክለኛነት የሚደረገው ክርክር ያን ጊዜ ተዘግቷል። የሞላ ሰዓት ወዳጆች ሽንፈቱን በደስታ ልንቀበለው ይገባል ባይ ነኝ፤ ሰዓቱን የምንወደው በሌላ ምክንያት ነውና።

ወዳጆቹ የሚያወሩት ሌላም አለ፤ «ኔትወርክ ሲጠፋ ስማርት ሰዓት ጊዜ ይስታል» ይላሉ። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ተረት ነው። ስማርት ሰዓቱም ስልኩም በሆዳቸው የራሳቸው ኳርትዝ አላቸው፤ መስመር ቢጠፋ ለሳምንታት ስህተታቸው የሚታይ አይደለም። የሚያስቆማቸው የመብራት መጥፋት ነው። አንዳንዶቹ በአንድ ቻርጅ አንድ ቀን ብቻ የሚውሉ ናቸው፤ መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ጥቁር መስታወት ሆነው ይቀራሉ።

«ስማርት ሰዓት የሀበሻ ሰዓት አያውቅም» የሚለውም እንደዚያው። የእህቴ ልጅ ስልኩ የሰዓት ክልሉን በራሱ እንዳይመርጥ ዘግቶ ቦነስ አይረስ ላይ አድርጎታል። አርጀንቲና ከእኛ ልክ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ አንበሳሜ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ስልኩም እሱን የሚከተለው ስማርት ሰዓትም 1 ይላሉ፤ ቀኑም ሲነጋ ይቀየርለታል። ብልሃቱን ሳይ አደነቅሁት። ቆጣሪ ባለው ሰዓት ግን ብልሃትም አያስፈልግም። የገጹ ዙር 12 ስለሆነ የ6 ሰዓት ልዩነት ማለት ግማሽ ዙር ነው። ሰዓቱ በፈረንጅ ቢሞላ እንኳ የሰዓት ቆጣሪው ከቆመበት ትይዩ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል፤ ደቂቃው እንዳለ ነው። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ይህን ትችል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብዙ ደኅና ሰዓት ያለ ጥፋቱ የሚፈታበት ነገር ነውና። «ሰዓቴ በቀትር ወይም በማታ ቀን ይቀይራል፤ ተበላሽቷል» የሚል ሰው ባሕር ዳር መንገድ ዳር በመስታወት ሳጥኑ ኋላ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ ዘንድ በየሳምንቱ አይጠፋም። አልተበላሸም። ቆጣሪው በ24 ሰዓት ውስጥ 12 ላይ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ ቀኑን የሚገፋው ጥርስ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ለፈረንጁ ያ ጊዜ እኩለ ሌሊት እንዲሆን ታስቧል። በእኛ አቆጣጠር ስናስተካክለው ወይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይውላል ወይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ። ማታ እየቀየረ ካስቸገረ የሰዓት ቆጣሪው አንድ ሙሉ ዙር እስኪጨርስ ወደፊት ማዞር ነው፤ አለቀ፤ ገንዘብም አያስወጣም። አባቴ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው ብሎ በንጋት አድርጎት ኖረ። አንድ ጎረቤታችን የነበሩ መሪጌታ ደግሞ በዓል የሚገባው ከዋዜማው ነው ብለው የእሳቸውን ሆን ብለው በምሽት አስደርገውታል። ሁለቱም ሰዓቶች ትክክል ነበሩ። እንዲህ ያለ ምርጫ ለባለቤቱ የሚተው ዕቃ ብዙ አላውቅም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከፈረንጅ መመሪያ ተገልብጦ ስለሚነገር እኛን ያሳስተናል። «ቀኑን በሌሊት አትቀይር» ይባላል። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ቆጣሪው ከ9 እስከ 4 ባለው ጊዜ ውስጥ ቀን ገፊው ጥርስ ሥራ ላይ ስለሚሆን መሙያውን ስቦ ቀኑን በግድ ማዞር ሊሰብረው ይችላል። በፈረንጅ ሰዓት ይህ ሌሊት ነው። በንጋት ቀን እንዲቀይር በተደረገ ሀበሻ ሰዓት ግን አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ነው። ማለትም ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ቡናው እስኪፈላ «ቀኑ ተሳስቷል» ብሎ የሚነካካበት ሰዓት! ሰዓት ሠሪው የተሰበሩትን ጥርሶች በወረቀት ጠቅልሎ አሳይቶኛል፤ ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጡም።

በአጭሩ የሚታለፉም አሉ። «21 ጁውልስ» ተብሎ ገጹ ላይ የሚጻፈውን አይቶ ሰዓቱ በውስጡ ላሉት የሩቢ ድንጋዮች ሲባል የሚሸጥ የሚመስለው ሰው አለ። ሩቢዎቹ በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው፤ ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ዘዴውን ካሳወቀ ወዲህ ዋጋቸው ኢምንት ነው። የተቀመጡት ብረት ከብረት እየተፋጨ እንዳያልቅ ብቻ ነው።

«30 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ግን የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወጣቱ 30 ሜትር የሚችል ሰዓት አስሮ ጣና ውስጥ መዋኘት ምን ይገደዋል? ሒሳቡ ያምራል፤ ውጤቱ ግን ከመስታወቱ ሥር ጤዛ ነው። 30 ሜትር የሚባለው በፋብሪካ ባልተንቀሳቀሰ ውሃ ግፊት፣ በአዲስ ማሸጊያ ላይ የተፈተነበት ነው፤ ትርጉሙ ዝናብና እጅ መታጠብ ይችላል ማለት ነው። ለመዋኘት 100 ሜትር የሚልና ማሸጊያው ያላረጀ ያስፈልጋል። ከደንገል ታንኳ ላይ መረብ የሚጥል ሰው ሰዓቱን ቤቱ አስቀምጦ ቢወጣ ይሻለዋል።

ስልክና የሞላ ሰዓት አይነካኩም፣ ዘመናቸው ለየቅል ነው የሚለውም እውነት አይደለም፤ በጣም ይነካካሉ። ስልክ ድምፅ ማውጫው ውስጥ ማግኔት አለው፤ የስልክ ቦርሳ መዝጊያም እንዲሁ። ጎማዋን የምታወዛውዘው ከፀጉር የቀጠነች ጥቅልል ማግኔት ከያዛት ዙሮቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሰዓቱም በቀን ብዙ ደቂቃ ይሮጣል። ሰዓት ሠሪው የእኔን ከኮምፓስ አጠገብ ሲያስጠጋው የኮምፓሱ መርፌ ተንቀሳቀሰ። ማግኔቱን በትንሽ መሣሪያ አወጣለትና «ወንድሜ፣ ማታ ማታ ከስልክህ ጋር አታስተኛው» አለኝ።

የሚከብደኝን አሁን ልጻፍ። «ባለቤቱ ሲሞት ሰዓቱም ይቆማል» ይባላል። አባቴ በተቀበረ በሠልስቱ ሰዓቱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ስናነሳው ቆሞ ነበር። አክስቴ እያለቀሰች «አወቀ» አለች፤ ቤቱ በሙሉ እንደገና አለቀሰ። ያኔ ለመናገር አልደፈርኩም። አውቶማቲክ ሰዓት በውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ክብደት አለችው፤ እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረች ሞላውን ትጠቀልላለች። ሙሉ ከሆነ ከእጅ ከወጣ በኋላ ከ40 ሰዓት ጥቂት አልፎ ይቆማል። ሠልስት ሲደርስ መቆሙ የማይቀር ነበር። እንዲያውም አባቴ አልጋ ከያዘ ጀምሮ ደጋግሞ ይቆም ነበር፤ «ሰዓቱም ታመመ» እያልን እናወዛውዘው ነበር። የታመመው ሰዓቱ አልነበረም፤ ክንዱ መንቀሳቀስ እያቆመ ነበር። የልብ ምት የሚቆጥረው የእህቴ ልጅ ሰዓት ያኔ አባቴ እጅ ላይ ቢኖር በወደድኩ። ስማርት ሰዓትን የማልንቀው ለዚህ ነው። ሆኖም ከሞላ ሰዓት ጋር ሰው የሚቆራኘው በምን እንደሆነ የገባኝም ያን ቀን ነው፦ ያ ሰዓት ለዓመታት የሄደው አባቴ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ውሻ ሲያባርር፣ ለሰው እጁን ሲዘረጋ በነበረው ጉልበት ነው። ይህ ተረት ያልሆነ ነገር ነው፤ ተረቱ ሳያስፈልገው ይበቃል።

የመጨረሻው «እንዲህ ያለ ሰዓት የእኛን ዘመን አቆጣጠር ሊይዝ አይችልም» የሚለው ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው 2497 የሚባል የወርቅ ሰዓት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ ሊያጫርተው ካወጀ በኋላ በባለቤትነቱ ጥያቄ ተነስቶበት ከጨረታው ወጣ። ያ ሰዓት 30፣ 31፣ 28 እና 29 ቀን ያላቸውን የፈረንጅ ወሮች ያለ ባለቤቱ እርዳታ ይለያል። ግን በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን መጨመር እንጂ በመቶ ዓመት መባቻ መዝለልን አያውቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2100 ይሳሳታል። የእኛ ወሮች ግን 12ቱም 30 ናቸው፤ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ 6፣ ይኸው ነው፤ የመቶ ዓመት ልዩነት የለውም። ለጥርስና ለሞላ ከፈረንጁ ይልቅ የእኛው ይቀላል። በዚህ ስሌት የተሠራ ሰዓት 2100 አያሳስበውም ነበር።

እስከዚያው ሴኮ ፋይቭ እስከ 31 መቁጠር ብቻ ያውቃል። ለፈረንጅ በዓመት 5 ጊዜ እርማት ይበቃዋል፤ በእኛ ቀን ለሚሄድ ግን 13 ጊዜ፦ በየወሩ መባቻና በእንቁጣጣሽ። አባቴ ይህን አንድም ወር ሳይዘነጋ ያደርገው ነበር። አሁን እኔ አደርገዋለሁ፦ ወሩ ሲገባ መሙያውን ስቤ 31ን አሳልፌ 1 ላይ አቆመዋለሁ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ።