ማዳበሪያው መጋዘን በር ላይ እንዳይዘገይ

50 ሺህ ቶን ዩሪያ የጫነች አንዲት መርከብ ጅቡቲ ስትደርስ በሆዷ የያዘችው 500 ሺህ ኩንታል ነው። በ50 ኪሎ ከረጢት ሲቆጠር አንድ ሚሊዮን ከረጢት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ማዳበሪያው ከረጢት ውስጥ ሆኖ አይመጣም፤ እንደ አውድማ እህል ተዘርግፎ ነው የሚጓዘው። የወደቡ ክሬን እየዛቀ ወደ ማሸጊያ ማሽን ያወርደዋል፤ ማሽኑ ይመዝናል፤ ሠራተኞች የከረጢቱን አፍ ይዘው ያሰፋሉ፤ ከዚያም ተሳቢ ላይ ይደረደራል።

አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ይጭናል ብለን ብናሰላ፣ ለዚያች አንዲት መርከብ ብቻ 1 ሺህ 250 ምልልስ ያስፈልጋል። ባቡሩ በ2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የተወሰነውን ጭነት ቢያግዝም፣ ሐዲዱ በአዋሽ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቅ በመሆኑ ለክልላችን ዋናው ተሸካሚ አሁንም መኪና ነው።

ባሕር ላይ የሚገጥመውን ችግር ወረዳም አርሶ አደርም ሊያስቀሩት አይችሉም። በኅዳር 2016 ዓ.ም በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲበረታ፣ በርካታ የመርከብ ድርጅቶች ደቡብ አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዋል። ከሞሮኮ የሚነሳ ማዳበሪያ አጭሩ መንገዱ በስዊዝ ቦይና በዚሁ ባሕር በኩል ነው። በእኛ እጅ ያለው ከወደብ በኋላ ያለው ነው።

ወደ ወሎ የሚመጣው ጭነት በጋላፊ ገብቶ በሠመራና በሚሌ ያልፋል። ከአፋር ቆላ ሙቀት ወጥቶ የባቲን አቀበት ተያይዞ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ሾፌሩ ጎማና ፍሬን ሲያስብ፣ ረዳቱ ሸራውን ይጠብቃል፤ ዩሪያ እርጥበት ከነካው ይጋገራልና።

ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ መኪና መጋዘን በር ላይ ሦስት ቀን ሲቆም ያሳዝናል። ምክንያቱ አዲስ አይደለም። ያለፈው ዓመት ክምችት ቦታ ይዟል፤ ጫኝና አውራጆች በዋጋ አልተስማሙም፤ ወይም ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ስብሰባ ሄዷል። አምስት ተሳቢ ሦስት ሦስት ቀን ቢቆም 15 የመኪና ቀን ባከነ ማለት ነው፤ መርከቧ ግን ወደብ ላይ እነዚያኑ መኪኖች እየጠበቀች ነው። በሌላ ወረዳ በቆሎውን በግንቦት ሊዘራ በሬውን ያዘጋጀ አርሶ አደርም እንዲሁ። ኤንፒኤስ ከዘር ጋር የሚገባ በመሆኑ ዘግይቶ ቢመጣ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ስለዚህ ወረዳዎችና ማኅበራት የማውረጃ ዋጋውን መኪና ሳይመጣ መቁረጥ፣ አሮጌውን ክምችት ለይቶ ቦታ ማስለቀቅ፣ ርብራብ ማንጠፍ፣ ቅዳሜና እሑድም ተረካቢ መመደብ ይጠበቅባቸዋል። ዩኒየኑም መኪናው ሲነሳ ስልክ ቢደውል ገንዘብ አያስወጣውም።

ከማኅበሩ መጋዘን ወዲያ ያለው ጉዞ የጋሪ፣ የአህያና የሰው ጀርባ ነው። ከረጢቱ ባዶ ሲሆንም ሥራ አይፈታም፤ በከተማው ጆንያው ራሱ “ማዳበሪያ” ተብሎ ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ብዙ ጊዜ ድርሻ የሚከፋፈለው በቅርበት ነው፤ አስፋልት ዳር ያለው ቀበሌ ቀድሞ ይወስዳል። መደረግ ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ክረምት ወንዝ የሚቆርጣቸው ቀበሌዎች እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድርሻቸውን ይረከቡ፤ ለአስፋልት ዳሮቹ በሰኔም መኪና ይደርስላቸዋል።