ክፋት የሌለባቸው ተሳፋሪዎች፦ ጥርጣሬ የተመረመረበት ምናባዊ ባቡር

በደቡብ ለንደን የሚገኘው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የቤከርሉ እና የኖርዘርን የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች የሚገናኙበት ሠፈር ነው። በእነዚህ ባቡሮች የማይተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ይጓዛሉ። አንዱ ቀና ብሎ ሲያይ ወይም ፈገግ ሲል፣ ሌላው «ምን አይቶብኝ ይሆን?» ብሎ ሊያስብ ይችላል።

እንዲህ ያለው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይረሳል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን እየበረታ ሄዶ ከቤት መውጣትን እስከ መፍራት ያደርሳል። ለተመራማሪዎች አስቸጋሪ የሆነው ጥርጣሬው መሠረት ያለው መሆን አለመሆኑን መለየት ነበር። በእውነተኛ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው በርግጥ በክፉ ዓይን ታይቶ እንደሆነ ማረጋገጥ አዳጋች ነውና።

ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል በስተደቡብ፣ ደንማርክ ሂል ላይ በሚገኘው የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን የሥነ አእምሮ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዳንኤል ፍሪማን ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለጉት በምናባዊ እውነታ፣ ማለትም በቨርቹዋል ሪያሊቲ ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ 200 ሰዎች የምስል መነጽር አጥልቀው በኮምፒውተር በተሠራ የለንደን ባቡር ለ4 ደቂቃ ያህል ተጉዘዋል። ምናባዊዎቹ ተሳፋሪዎች ይተነፍሳሉ፤ ዙሪያቸውን ይቃኛሉ፤ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፤ ሌላው ሲያዩት አልፎ አልፎ ፈገግ ይላል። ማንንም እንዲያስቀይሙ ተደርገው አልተሠሩም።

አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ተሳፋሪዎቹን ተግባቢ ወይም ገለልተኛ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ከመቶ 40 ያህሉ ግን ቢያንስ አንድ የጥርጣሬ ሐሳብ አድሮባቸዋል። ሁሉም የገቡት ወደ አንድ ዓይነት ባቡር በመሆኑ፣ የስሜታቸው ልዩነት ምንጭ ከተሳፋሪዎቹ ይልቅ በተመልካቹ ውስጥ መፈለግ ነበረበት። ለጥርጣሬው ይበልጥ የተጋለጡትም ጭንቀት የሚበዛባቸው ሰዎች ነበሩ።

መመርመሪያው ውሎ አድሮ ማከሚያም ሆነ። ፍሪማን ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ሰዎች ሊጎዱኝ ይፈልጋሉ የሚል ጽኑ እምነት የነበራቸው 30 ታካሚዎች ወደ ምናባዊ ባቡርና አሳንሰር ገቡ። ከፊሎቹ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን እየተከላከሉ እንዲቆዩ ተደረገ። ሌሎቹ ግን ዓይናቸውን ከመስበር ይልቅ ምናባዊዎቹን ሰዎች ቀርበው ትኩር ብለው እንዲያዩ ተበረታቱ። ከግማሽ ሰዓት ልምምድ በኋላ፣ በዕለቱ ማብቂያ ከእነዚህ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብርቱው ጥርጣሬ ለቅቋቸው ነበር። ራሳቸውን ሲከላከሉ ከቆዩት ውስጥ ይህ የታየው በአንድ አምስተኛው ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ሁሉ ሕመም አይደለም። በቆዳ ቀለሙ ወይም በአነጋገሩ ምክንያት መገለል የደረሰበት ስደተኛ የሚሰማው ሥጋት ካለፈበት ኑሮ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ምናባዊው ባቡር በእውነተኛው ዓለም ክፋት የለም ብሎ አያስተምርም። የሚሰጠው ጥቅም፣ ሰው ሁሉ ጠላቱ የሚመስለው ታካሚ እውነተኛው ባቡር ላይ ከመሳፈሩ በፊት ፍርሃቱን ያለ አደጋ የሚፈትንበትን ቦታ ነው።