የሞተር ሳይክሉ ቀለም የት ነው ያለው?

ፀሐይ ላይ የቆመ፣ በባለቤቱ ምርጫ ልዩ ቀለም የተቀባ ሞተር ሳይክል የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከፊት ለፊት ሲያዩት የነዳጅ ታንኩ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲሉ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ታንኩ በሚጎብጥበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረው። ደመና ሲጋርደው ያ ሁሉ ድምቀት ይደበዝዛል። ታዲያ ይህ ቀለም ያለው የት ነው? በታንኩ ላይ ነው ወይስ በብርሃኑ ውስጥ?

ጥያቄውን ያነሣነው እንዲሁ ለመራቀቅ ብለን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካከላችን አንዱ አሮጌ ሞተር ሳይክሉን በአንድ ጋራዥ አስቀብቶ ነበር። ታንኩ ከጋራዡ ሲወጣ እጅግ ያማረ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነዳጅ ሲሞላ ጥቂት ቤንዚን ከአፉ ገንፍሎ በጎኑ ወረደ፤ በጨርቅ ሲጠርገው ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ተነሣ። በሌላው ጎን ደግሞ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩ። ከወር ደመወዙ የቆጠበው ገንዘብ በሦስት ቀን ባከነ። ታንኩ ለምን እንደተበላሸ መመርመር ስንጀምር ከኬሚስትሪ ወደ ፊዚክስ፣ ከዚያም ሳናስበው ወደ ሕክምና ተሻገርን።

ከጉድጓዶቹ እንነሣ። ማንኛውም ፈሳሽ የገጽ ውጥረት አለው፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ገጹን ለማጥበብ ይጥራል። አንድ ፈሳሽ በአንድ ጠጣር ላይ በእኩል እንዲሰራጭ ከተፈለገ የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ከጠጣሩ የገጽ ጉልበት መብለጥ የለበትም። ንጹሕ ብረት ከፍተኛ የገጽ ጉልበት ስላለው ቀለም በቀላሉ ይለብሰዋል። ሰም ወይም ለማወልወያ የሚውለው የሲሊኮን ዘይት ግን የገጽ ጉልበቱ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ዐይን የማያየው የሲሊኮን ነጠብጣብ በብረቱ ላይ ከቀረ እርጥቡ ቀለም ከዚያ ቦታ ይሸሻል፤ ውኃ ከቅቤ ላይ እንደሚሸሽ ማለት ነው። የሚቀረው ክብ ጉድጓድ ነው። የኛ ባልደረባ ታንኩን ወደ ጋራዥ ከመውሰዱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሲያወለውለው እንደዋለ ያስታወሰው ዘግይቶ ነበር! ቀቢው በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎታል፤ ነገር ግን ቅባቱን በማሟሟቻ ሳያነሣ መፈተግ ሲሊኮኑን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ከማስገባት በቀር ጥቅም የለውም። ቅደም ተከተሉ በመጀመሪያ ቅባቱን ማጽዳት፣ ቀጥሎ መፈተግ፣ እንደገናም ማጽዳት ነው።

ቤንዚኑ ቀለሙን ያነሣበት ምክንያት ከዚህ ይለያል። ቀለሞች ሁለት ዓይነት አደራረቅ አላቸው። አንደኛው በመትነን ብቻ የሚደርቅ ነው። የዱፖን ኩባንያ ዱኮ በሚል ስም በ1923 እ.ኤ.አ. ያወጣው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም የዚህ ዓይነት ነበር። መኪና ለመቀባት ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ ሰዓታት ስላሳጠረው በዘመኑ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። በዚህ ቀለም ውስጥ ረዣዥም ሞለኪውሎች በአሟሚ ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ፈሳሹ ሲተን ሞለኪውሎቹ እንደ ተዘባረቀ ክር ተጠላልፈው ይቀራሉ። ተጠላለፉ እንጂ አልተሳሰሩምና ተስማሚ አሟሚ ከመጣ ተመልሰው ይፈታሉ። ሁለተኛው ዓይነት በኬሚካላዊ ትስስር የሚጠነክር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየር በ1937 እ.ኤ.አ. መንገዱን የከፈተለት ፖሊዩሬቴን የዚህ ወገን ነው። ቀለሙ በአንድ ቆርቆሮ፣ ማጠንከሪያው በሌላ ቆርቆሮ ይመጣል። ሲቀላቀሉ በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት በቀለሙ ሙጫ ላይ ካሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ጋር ይተሳሰራል። ክሮቹ መረብ ይሆናሉ፤ መረቡን ቤንዚን ሊያርሰው ቢችል እንጂ ሊያሟሟው አይችልም። ባልደረባችን የከፈለው ለሁለተኛው ዓይነት ሲሆን የተቀባለት ግን የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ውበቱ እንለፍ። ሞተር ሳይክልን እንደ ሥዕል ሸራ የማየት ልማድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ ተስፋፋ። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢዚ ራይደር» የተሰኘው ፊልም ታንኩ የአሜሪካን ባንዲራ የለበሰ ሞተር ሳይክል ለዓለም አሳየ። ያን ሞተር ሳይክል በመሥራት የተሳተፉት ክሊፍ ቮስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ለረጅም ዓመታት ስማቸው ሳይነሣ መቆየቱን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ከእነዚያ ቀቢዎች ፈጠራዎች መካከል ከረሜላ የሚባለው ቀለም አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው በቀይ ስኳር ከተነከረ የፖም ከረሜላ ነው። መጀመሪያ በብረቱ ላይ የብር ወይም የወርቅ መልክ ያለው አንጸባራቂ ቀለም ይቀባል፤ በላዩ ላይ እንደ ባለቀለም መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ንብርብር ይደረባል። ብርሃኑ ንብርብሩን አቋርጦ ይገባል፣ ከሥሩ ካለው ብር ይነጥራል፣ በገባበት ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይጣራል። አንዱ ቀይ ንብርብር ከሚመጣው አረንጓዴ ብርሃን ከመቶ 80 እጁን ያሳልፋል ብንል፣ ደርሶ መልስ ሲሆን 64 ይቀራል። ሦስት ንብርብር ሲሆን 26፣ አራት ሲሆን 17 ብቻ ይተርፋል። ይህ ስሌት አንባቢ በእጁ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። ከሒሳቡ የሚከተለው ነገር ቀቢዎችን እንቅልፍ የሚነሳ ነው፤ መርጫው በአንድ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ከደረበ በዚያ ቦታ ጥቁር ሰንበር ይታያል። በከረሜላ ቀለም የተቀባ ታንክ ሲጫር የተጫረውን ቦታ ብቻ መጠገን እጅግ የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ለዚህ ቀለም የሚውሉት ማቅለሚያዎች ብዙዎቹ አልትራቫዮሌት ጨረር አይችሉም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ጨረሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ብርቱ ስለሆነ፣ ጨረር መጣጭ ያለበት የላይኛው ጥርት ያለ ልባስ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

በመግቢያችን ያነሣነው አቅጣጫ ሲለወጥ የሚለወጠው ሰማያዊ ግን ሌላ ምሥጢር አለው። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ የተንጠባጠበ የሞተር ዘይት የቀስተ ደመና መልክ ሲያወጣ አይተናል። በዘይቱ ውስጥ ቀይም ሰማያዊም ማቅለሚያ የለም። ከዘይቱ ላይኛው ገጽና ከታችኛው ገጽ የሚነጥሩት ሁለት ብርሃኖች ሲገናኙ አንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ይበረታል፣ አንዳንዱ ይጠፋፋል፤ ይህ ክሥተት ኢንተርፈረንስ ይባላል። የዕንቁ ቀለም የሚባለው ይህንኑ በሥርዐት ይሠራዋል። የማይካ ማዕድን ወደ ስስ ቅጠሎች ይሰነጠቃል፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ልባስ ይደረጋል። የልባሱ ውፍረት 130 ናኖ ሜትር፣ የብርሃን ስብረት ቁጥሩም 2.5 ገደማ ነው እንበል። ብርሃኑ በልባሱ ውስጥ ሄዶ ሲመለስ የሚጓዘው መንገድ 2 ሲባዛ በ2.5 ሲባዛ በ130፣ ማለትም 650 ናኖ ሜትር ይሆናል። ከላይኛው ገጽ የሚነጥረው ሞገድ በግማሽ ሞገድ ይገለበጣል፤ ከታችኛው ግን አይገለበጥም። ስለዚህ የሞገድ ርዝመቱ 650 የሆነው ቀይ ብርሃን ይጠፋፋል፤ መንገዱ አንድ ከግማሽ ሞገድ የሚሆንለት 433 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ይበረታል። ልባሱን ወደ 50 ናኖ ሜትር ብናሳንሰው ቅጠሉ ብርማ ነጭ ይሆናል። ንጥረ ነገሩ ያው ነው፣ የተለወጠው ውፍረቱ ብቻ! ብርሃኑ በሰያፍ ሲገባ ደግሞ የመንገዱ ልዩነት ስለሚያጥር ቀለሙ ወደ አጭር ሞገድ፣ ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ይሸሻል።

ያልነጠረው ብርሃን ወዴት ሄደ? ቅጠሉን አልፎ ወደ ታች ወርዷል። ከሥር ነጭ ቀለም ካለ ይመልሰዋል፤ ከሰማያዊው ጋር ተደባልቆም ድምቀቱን ይገድለዋል። ከሥር ጥቁር ካለ ግን ይውጠዋል፣ የሚወጣው ሰማያዊው ብቻ ይሆናል። ቀቢዎች የዕንቁ ቀለምን ከጥቁር በላይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ታንኩ ነው፤ ስለ ቀቢው አላወራንም። ቤንዚን የማይደፍረውን መረብ የሚሠራው አይሶሳያኔት ከማንኛውም የሃይድሮክሲልና የአሚን ቡድን ጋር ለመተሳሰር የቸኮለ ነው። ከውኃ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ክዳኑ ያልተገጠመ የማጠንከሪያ ቆርቆሮ የሚበላሸውም በአየር እርጥበት ነው። የሰው ሳንባ ደግሞ እርጥብ ከመሆኑም በላይ በፕሮቲን የተሞላ ነው። በሚረጭበት ጊዜ የሚተነፈሰው ጭጋግ ከእነዚህ ፕሮቲኖች ጋር ሲተሳሰር የሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ ሊቆጥራቸው ይችላል። ይህ በአንዳንድ ሠራተኞች ላይ የሙያ አስም ያስከትላል። አንድ ጊዜ የተቆጣ ሳንባ ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂቱ መጠን እንኳ ያስነሣዋል፤ ብዙዎች ሙያውን ለመተው የሚገደዱት በዚህ የተነሣ ነው። ከሁሉ የሚከፋው አይሶሳያኔት ገና ሳይሸት ሊጎዳ መቻሉ ነው። በሁለተኛው ጋራዥ ያገኘነው ከእኛ ተማሪዎች በዕድሜ የማይበልጥ ወጣት አፍንጫውን በስካርፍ ሸፍኖ ሲረጭ ነበር። ስካርፍ አቧራ ሊያስቀር ይችል ይሆናል፤ ይህን ጭጋግና እንፋሎት ግን አያስቀርም። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል፣ ጓንትና አየሩ የሚወጣበት የመርጫ ክፍል ነው። ይህን ስንነግረው «የቲነሩ ሽታ እኮ ለምጄዋለሁ» አለን። የቲነሩ ሽታ ሌላ ነገር ነው፤ አይሶሳያኔቱን አያመለክትም።

ጭንብሉ ከነቱቦው ውድ ነው፤ ወጣቱም ተቀጣሪ እንጂ ባለቤት አይደለም። ከባለቤቱ ጋር ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። በመጨረሻ መጭመቂያው አየሩን ከጋራዡ ውጭ እንዲስብ ተደርጎ፣ ማጣሪያ ተገጥሞለት፣ ከአንድ ሌላ ጋራዥ ጭንብል ተውሰን ሥራው ተጀመረ። ጭንብሉ በማግስቱ ለባለቤቱ ተመልሷል። የራሳቸውን ይግዙ አይግዙ አላወቅንም።

ታንኩ በመጀመሪያ ከቅባት ጸዳ፣ ከዚያ ተፈተገ፣ ኢፖክሲ ተቀባ፤ ጥቁሩ፣ ዕንቁውና ጥርት ያለው ልባስ በየተራ ተከተሉ። ቀቢው ከሁለት ቀን በኋላ ውሰዱት ቢለንም እኛ ግን አልቸኮልንም። የቆርቆሮው ጽሑፍ የሚናገረው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስላለው ጊዜ ሲሆን የአዲስ አበባ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የኬሚካል ግብር ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ባልደረባችን በነዳጅ ማደያው ሆን ብሎ አንድ ጠብታ ቤንዚን በታንኩ ጎን አፈሰሰ፣ እስከ ስልሳ ቆጠረ፣ በነጭ መሐረብ ጠረገው። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ወጣ።