የቤት ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ትንሿ ኮምፒውተር ምን ትሠራለች?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጅ ከባሕር ማዶ ትደውላለች፤ ወሬው ሳይጋመስ ይቋረጣል። በስልክ ገንዘብ ስንልክ መሐል ላይ ይቆማል፤ ይድረስ አይድረስ አናውቅም። በዚህ ጊዜ «ቪፒኤን አስገቡ፣ ይስተካከላል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነውን? እስቲ እንየው።

ቪፒኤን ምንድን ነው? ደብዳቤ ስንልክ በፖስታ አሽገን ነው። ተሸካሚው ፖስታውን ያያል እንጂ ውስጡን አያነብም። ቪፒኤንም ከቤታችን የሚወጣውን መልእክት ቆልፎ ሌላ ቦታ ወዳለ ኮምፒውተር ይልካል። ያ ኮምፒውተር ፖስታውን ከፍቶ መልእክቱን ወደ ባለቤቱ ያደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል።

ይህን ሥራ በየስልኩ ላይ ከመጫን ይልቅ ለአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር መስጠት ይቻላል። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው አንዷ ናት። በእንግሊዝ አገር ታስባ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ለገበያ ወጣች። ሥራዋ ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ነው። የተለመደው ዓይነት ርዝመቱ 85፣ ወርዱ 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ መታወቂያ ካርድ ያህላል። የሚበቃውም 5 ቮልት ነው። ይህች ኮምፒውተር በራውተሩና በስልኮቻችን መካከል ትቀመጣለች። እንደ ግቢ ዘበኛ ናት፤ የሚወጣውም የሚገባውም በሷ በኩል ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቪፒኤን የተበጠሰ መስመር አይቀጥልም። መንገድ ከተዘጋ የታሸገ ፖስታም አይሄድም። እንዲያውም ማሸጊያው ጥቂት ክብደት ይጨምራል። ሌላው ጫፍ ሩቅ አገር ከሆነ ደግሞ ድምፅ ይዘገያል። ስለዚህ «ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ቶሎ አትመኑ።

ታዲያ ጥቅሟ የት ላይ ነው? ሁለት መንገድ ሲኖረን ነው፤ አንዱ የመስመር ኢንተርኔት፣ ሁለተኛው የሞባይል። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባል የለ? አንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው እንድትዞር ትንሿን ኮምፒውተር ማዘዝ ይቻላል። ለዚህ የሚረዳ ዋየርጋርድ የሚባል የቪፒኤን ፕሮግራም አለ። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ተካቷል። ዋየርጋርድ ቤታችንን የሚያውቀው በቁልፉ እንጂ በአድራሻው አይደለም። መንገድ ስንለውጥ አድራሻችን ይለወጣል፤ ቁልፉ ግን ያው ነው። ስለዚህ «ማን ነህ?» ተብሎ እንደ አዲስ አይጠየቅም። የምናነጋግረውም ወገን የሚያየው የሌላውን ጫፍ አድራሻ ስለሆነ መንገድ መለወጣችንን አያውቅም። መቋረጡ አጭር ከሆነ ወሬው ከቆመበት ሊቀጥል ይችላል። በየ25 ሴኮንዱም «አለሁ» የሚል ምልክት እንዲልክ ይደረጋል። ይህም መሐል ያሉት መሣሪያዎች ዝም ያለውን መንገድ እንዳይዘጉት ነው።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ በሩ እንዲዘጋ መታዘዝ አለበት። አለዚያ ታሽጓል ስንል መልእክቱ በግላጭ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሚሞሪ ካርዷ ልትበላሽ ትችላለች። ቅጂ አስቀምጡ። ለሷም ለራውተሩም መጠባበቂያ ባትሪ አብጁ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሌላው ጫፍ በማን እጅ ነው? ፖስታውን የሚከፍተው እሱ ነው። የባንክ ፕሮግራሞች መልእክታቸውን በራሳቸው ቁልፍ ስለሚቆልፉ ውስጡን አያነብም። ከየትኛው ባንክ ጋር እንደምንገናኝ ግን ያያል። «በነፃ» የሚል ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ሌላው ጫፍ የምታምኑት ዘመድ ቤት ወይም የምታውቁት ድርጅት ይሁን። የግል ቁልፋችሁን ለማንም አትስጡ።

ገንዘብ ስትልኩ መስመር ከተቋረጠም ቪፒኤን ቢኖር ባይኖር፣ ደግማችሁ ከመላካችሁ በፊት ሒሳባችሁን እዩ።

እስቲ ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት፦
1. ቪፒኤን የተበጠሰ መስመር ይቀጥላል?
2. ሁለት መንገድ መኖሩ ለምን ይጠቅማል?
3. የእናንተን ፖስታ የሚከፍተው ማን ነው?